የማሽኑ አፍ ሆኜ ደሴ የሰነበትኩበት ሳምንት

ከቡና ቀማሾች ስብስባችን አባላት መካከል ደሴን ለማየት ብሎ የሚነሳ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ሰዎቻችን ባሕር ማዶ ያለውን ቡና ቤት ሁሉ ከነባለቤቱ ስም ይቆጥሩልሃል፤ ወሎ ግን ለእነሱ ወደ ላሊበላ ሲሄዱ በመስኮት የሚያልፍ ተራራ ነው። ስለዚህ ሄጄ ያየሁትን እኔው ጽፌላቸዋለሁ። እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጽፌላቸዋለሁ።

ያሬድ እባላለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባሬስታ ነኝ። ባሬስታ ማለት ድሮ "ማሽን ላይ ያለው ልጅ" ይባል የነበረው ሰው ነው። ሦስት ዓመት ስኒ አጥቤ፣ አምስት ዓመት ማኪያቶ ቀድቼ፣ በመጨረሻ ስብስቡ ውስጥ በእንግድነት እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ስብስቡ ሐሙስ ሐሙስ እየተገናኘ ቡና በማንኪያ የሚስብ፣ የሚተፋ፣ የቀመሰውንም በፎርም የሚጽፍ የባለሙያዎች ማኅበር ነው። ሙሉ አባል የሆነ ሰው ስሙ የተጠለፈበት ቡናማ ሽርጥ ይሰጠዋል። እኔ ዓመት ተኩል ሙሉ የተቀመጥኩት በመሥሪያ ቤቴ ሽርጥ ነው፤ ደረቱ ላይ የለስላሳ ማስታወቂያ አለበት። ያን ቡናማ ሽርጥ እንዴት እንደተመኘሁት ብናገር ያሳፍረኛል።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ፤ ከጀመርኩ ልጨርሰው። በዚያ ዓመት ተኩል ውስጥ እነሱ "ጃስሚን" የሚሉትን ነገር አንድም ቀን አልቀመስኩም። ጃስሚን የሚባል አበባ በዓይኔም አይቼ አላውቅ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው "ጃስሚን፣ ቤርጋሞት" ሲጽፉ (ቤርጋሞት የፈረንጅ ሎሚ ነው አሉ) እኔ ከጎረቤቴ ወረቀት እየሰረቅሁ እገለብጣለሁ። ለጥንቃቄ አንዱን ቃል ዘልዬ በምትኩ "ማር" እጨምራለሁ፤ ማር አውቃለሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዛሬ ይነቁብኛል ብዬ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ሰብሳቢያችን አቶ ፍጹም ይባላሉ። ውጭ አገር ሦስት ሳምንት ቅምሻ ተምረው ከመጡ ወዲህ አማርኛ ትንሽ ይከብዳቸዋል። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አስጠሩኝ። ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ቡና ቤት የሚከፍቱ ሴት ለሠራተኞቻቸው አሠልጣኝ ጠይቀዋል።

"አሥራ ሁለት ሠልጣኝ፣ አሥራ ሁለት የቅምሻ ፎርም። ሁሉም ተሞልቶ፣ ተፈርሞ። ይዘህ ከመጣህ ሽርጡን ትለብሳለህ" አሉኝ።

"ካልሆነስ?" አልኩ፤ እንደው አፌ አያርፍም።

ስልካቸውን አነሱ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ የቀን መቁጠሪያ አላየንም።

እሑድ፣ ወደ ኮምቦልቻ

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳ፤ ይህ በእኛ አገር ሰዓት ማክበር ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ የመቅመሻ ማንኪያዎች፣ አሥራ ሁለቱ ፎርሞችና ታላቁ ሥዕል ነበሩ። ሥዕሉ ቡና ውስጥ ይገኛሉ የተባሉ ጣዕሞች በሙሉ በቀለም ተከፋፍለው የተጻፉበት ክብ ነው። ረዳቱ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ሊጭን ሲያነሳው "ወንድሜ፣ ተሰባሪ አለው" አልኩት።

"ሁላችንም ተሰባሪ ነን" አለና ወረወረው።

ከጎኔ የተቀመጠችው ከድጃ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርታ አሁን ባሬስታ ልትሆን ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ሠልጣኞቼ አንዷ ናት። እህቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ሰንብታ ነበርና የቡና ቤቱ ባለቤት እትዬ ሐዋ "እንግዳው መንገድ እንዳይጠፋው ይዘሽው ነይ" ብለዋታል። አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ መንገድ የሚጠፋው ሰው ካለ እንግዲህ እኔ ነኝ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቢሆን "ደርሰህ ደውል" ብሎ ይገላግልሃል።

"ሥራህ ምንድን ነው ያልከኝ?" አለችኝ ለገጣፎን ስናልፍ።

"ቡና እቀምሳለሁ።"

"ኸዚያስ?"

"እተፋዋለሁ።"

መስኮቱን ዞር ብላ አየች፤ ቆይታ ደግሞ እኔን አየች። "ወላሂ ትልቅ አገር ነው አዲስ አበባ" አለች።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጣርማበር ላይ ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሳ ሾፌሩ በትዝታ ነበር የሚነዳው። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ዝናቡ ያወርደው ጀመር። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ እንዳለ ትዝ ያለኝ ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንቆም ነው። ከፈትኩት። ሚዛኑ ተርፏል፤ ፎርሞቹ በላስቲክ ስለነበሩ ተርፈዋል፤ የጣዕሙ ክብ ግን ቀለሙ ለቆ ጃስሚኑ ከትምባሆው፣ ቤርጋሞቱ ከበርበሬው ጋር አንድ ሆኗል።

ንዴቴን በምግብ ልወጣ ብዬ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጁ እንደ ታማሚ አየኝ።

"ፍልሰታ ዛሬ ገባ እኮ ጌታዬ።"

እኔ ክርስትና የተነሳሁ ሰው ነኝ፤ ግን ለሙያዬ ስል ጾም ትቻለሁ። ምላስ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን አለበት ይላሉ አቶ ፍጹም። አኩርፌ ሽሮ በላሁ። ከድጃ እጄን አስታጠበችኝ፤ እሷ ግን ምንም አልቀመሰችም፤ ረመዳን ነው። መንገደኛ እንዲያፈጥር ይፈቀድለታል ሲባል ሰምቼ ነበርና "ለምን አትበይም?" አልኳት። "መንገዱ እኮ ወደ ቤቴ ነው" አለችኝ። ፊት ለፊቴ ጾመኛ አስቀምጬ፣ የአስተናጋጁን ስብከት ሰምቼ፣ ሽሮዬን እየጠረግሁ፣ ነገ ለእነዚህ ሰዎች ቡና እንደማስቀምስ አንድም ጊዜ አልከነከነኝም። ጭንቅላቴ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ከሚሴን፣ ሐርቡን አልፈን ኮምቦልቻ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እትዬ ሐዋ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። "መርሐባ! መርሐባ የኔ ልጅ! ዝናብ ይዘህልን መጣህ" አሉ፤ በሻንጣዬ በኩል እንደመጣ አላወቁም። አዛን እንዳለ ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ ቀረበ፤ እኔ ሽሮ በልቼ የዋልኩት ሰውዬ ከጾመኞቹ እኩል ተሻማሁ። ለመኝታ የራሳቸውን ክፍል ለቀቁልኝ። እምቢ ብል "አፉ በለኝ፣ እንግዳ ሶፋ ላይ አድሮ እኔ ምን እንቅልፍ ይወስደኛል?" አሉና ብርድ ልብሱን እግሬ ሥር ሸጎጡልኝ። እኔ በተወለድኩበት ሰፈር አክስቴ ጋ ሳድር እንኳ ፍራሽ የማነጥፈው ራሴ ነኝ።

ሰኞ፣ ኮምቦልቻ

ቡና ቤቱ ከፋብሪካው መንገድ ዳር ነው፤ ማሽኑ አዲስ፣ ወንበሩ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ። ግድግዳው ላይ "እንኳን ደህና መጡ፣ የአቅም ግንባታ ሥልጠና" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከወረዳው የመጣ አንድ ባለሙያ መክፈቻ ንግግር አደረገ፤ ሠልጣኞቹ በአንድ ለአምስት እንዲደራጁና ምርጥ ተሞክሮ እንዲቀምሩ አሳሰበና ሄደ። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ለአምስት ሲደራጅ ሁለት አለቃ ይወጣዋል፤ ማሽኑ ግን አንድ ነው።

ሃያ አራት ስኒ ደረደርኩ። ቡናውን መዘንኩ፣ ፈጨሁ፣ የፈላ ውኃ ጨመርኩ። አራት ደቂቃ በጥሞና አስጠበቅኋቸው። ከዚያ በአቶ ፍጹም ድምፅ "እንግዲህ፣ ማንኪያችንን አንስተን እንስባለን" አልኩና ፉት ብዬ ስቤ ተፋሁ። ቀና ስል አንድም ማንኪያ አልተነሳም።

"ምን ሆናችሁ?"

ወሎዬ እንግዳን ከሚያሳፍር ጥርሱን ቢነቅል ይመርጣል። በመጨረሻ ከድጃ ናት የተናገረችው፦ "ያሬድ፣ ጾም ነን እኮ።"

"ትተፉታላችሁ እንጂ አትውጡት!"

"አፌ ኸገባ ገባ ነው።"

ወደ ክርስቲያኖቹ ዞርኩ። አምስት ናቸው። ከእነሱ አንዱ ምናሴ የሚባል ዲያቆን ነው፤ ጠዋት ይቀድሳል፣ ከሰዓት ቡና ሊቀዳ ነው። "እኛም ቅዳሴ ሳይወጣ አንቀምስም። ወተቱ ግን ከወጣም በኋላ እስከ ፍልሰታ ፍቺ አይሆንም" አለኝ እየተሽኮረመመ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

ሰባት በረመዳን፣ አምስት በፍልሰታ። ለቅምሻ ሥልጠና ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ መርጠን መርጠን ይህን አገኘን! ከኛ በቀር ማንም የማይሠራው ስህተት ነው፤ አንድ ሙሉ ማኅበር የምላስ ሊቃውንት አፍ መቼ እንደሚዘጋ አላወቅንም።

የወተቱን ሥልጠና ቀጠልኩ። በአረፋ ልብ ሣልኩ፣ ቅጠል ሣልኩ፣ እነሱም ሣሉ። የሚጠጣው ግን ማን ነው? ሁሉም ተገልብጦ ወደ ባልዲ። እትዬ ሐዋ ያን ሁሉ ወተት ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ባልዲውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሐሙስ አፍጥር ላይ እርጎ ሆኖ መጣ።

ከሰዓት ኔትወርክ ፈልጌ ኮረብታው ላይ ወጣሁና ለአቶ ፍጹም ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"መቅመስ የማይችል ባሬስታ የሚባል ነገር የለም" አሉ።

"ጾመኞች ናቸው ጋሼ።"

"ያሬድ፣ ፎርሙ ይሞላል። እንዴት እንደሚሞላ አንተ ታውቃለህ።" ስልኩ ተዘጋ።

ያውቃሉ ማለት ነው? ዓመት ተኩል ስገለብጥ እያዩ ዝም ብለዋል? ወይስ እንደው አነጋገር ነው? ቡና ቤቱ ተመልሼ ፎርሞቹን ዘርግቼ ብዕር አነሳሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ጃስሚን መጻፍ ለእኔ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከድጃ ስኒ እያጠበች ታየኝ ነበር።

"አትጨነቅ፣ አብሽር" አለችኝ። "ደሴ ፒያሳ አያ ይማም የሚባል ሰውዬ አለ። ኸልጅነቱ ጀምሮ በረመዳን ማሽን ላይ ይቆማል። ሳይቀምስ እንዴት እንደሚቀዳ ጠይቀው።"

ማክሰኞ፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ ግን የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። ሚኒባሱ በጭጋግ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አጠገቤ ያሉት ግማሹ "ያ አላህ"፣ ግማሹ "እመቤቴ" ይላሉ፤ እኔ ብቻ የምጠራው ስላልነበረኝ የወንበሩን ብረት ጨበጥኩ። ከታች ሙቀት ትተን ላይ ነሐሴ ውስጥ ገባን። ደሴ ዝናቧን እንደ ጋቢ ተከናንባ ነው የምትቀበልህ። ፒያሳ ላይ ስወርድ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አስቀረው፤ አንዲት ጎመን ሻጭ ከደሴ ዙሪያ ያመጣችውን ጎመን ትታ ተነስታ ጫማዬን መንግላ አወጣችልኝ፣ በቅጠልም ጠረገችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት።

ቡና ቤቱ ጠባብ ነው። ማሽኑ ከጣልያን ጊዜ የቀረ ይመስላል፤ በእጅ ተስቦ የሚወርድ ረጅም እጀታ አለው። ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ቀጭኑ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉት አያ ይማም ናቸው። ወፍራሙ፣ ማተባቸው ከሸሚዛቸው በላይ የወጣው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ሠርተዋል። ራሴን አስተዋወቅሁ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጥራት ቡና ስብስብ የመጣሁ አሠልጣኝ መሆኔን ትንሽ ረዘም አድርጌ ተናገርኩ።

"ማሻአላህ" አሉ አያ ይማም። "ጾም ነህ?"

"አይደለሁም" አልኩ ቀስ ብዬ።

ሁለቱ ተያዩ። ጋሽ ደምሴ "እግዜር ነው የላከው" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረመዳን አያ ይማም ስለማይቀምሱ የቤቱ አፍ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጠዋት የመጀመሪያውን ስኒ ቀምሰው "ይሄዳል" ካላሉ ለሰው አይቀዳም። በሁዳዴና በሌላው ጾም ደግሞ ጠዋቱንም ወተቱንም አያ ይማም ይቀምሳሉ፣ ጋሽ ደምሴ ይቀዳሉ። ዘንድሮ ግን ሁለቱ ጾም ገጥሞ ቤቱ ትናንት አፍ አጣ። ጋሽ ደምሴ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጥቁሩን መቅመስ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን "ይማም ሳይበላ እኔ ልብላ?" ብለው እስከ አዛን አብረው መጾም ጀምረዋል።

"ክርስቲያን ነው ወይስ እስላም ብለህ ብትጠይቀው አያውቅም" አሉ አያ ይማም።

"አንተ ብቻህን ጀነት ልትገባ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ለችግር ሲሆን በምላስ ጫፍ መቅመስ ይቻላል የሚሉ አሉ" አልኩ፤ የሆነ ቦታ ሰምቼ ነበር።

"ይላሉ። እኔ ግን ቡናን አውቀዋለሁ፤ ምላስ ጫፍ ላይ አይቆምም" አሉ አያ ይማም።

"የማይጾም ደንበኛስ?"

"በሽተኛ አፉ መራራ ነው። መንገደኛ ይቸኩላል። ነፍሰ ጡር ዛሬ የወደደችውን ነገ ትጠላለች።" አያ ይማም ስኒ ገፉልኝ። "አንተ ሐኪም ነህ እንግዲህ። ንገረን፣ ምን ይላል?"

ፉት አልኩ። ሁለቱም አፍጥጠው ያዩኛል። የምገለብጥበት ወረቀት የለም፤ ጎረቤት የለም። አፌ ግን ልማዱን አለቀቀም፦ "ጃስሚን... ትንሽ ቤርጋሞት..."

"ጃስሚን ማን ናት?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አበባ ነው።"

"አይተኸው ታውቃለህ?" አሉ አያ ይማም። የጠየቁት ሊያዋርዱኝ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። ይህ ነው የገደለኝ።

"አላየሁም" አልኩ። "ቀምሼውም አላውቅም። ከሰው እየገለበጥኩ ነው የምጽፈው።"

እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አያ ይማም ግን ስኒውን እንደገና ገፉልኝ። "አብሽር። እሱን ተወውና አፍህ ውስጥ ያለውን ንገረኝ።"

እንደገና ፉት አልኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገብስ ቆሎ። መጨረሻ ላይ እንደ አብሽ የምትመር ነገር። ከዚያ ሌላ፣ ደስ የማይል። ለማለት ፈራሁ፤ የሠላሳ ዓመት ባለሙያ ፊት!

"አፉ ይበሉኝና... ጎማ ጎማ ይላል" አልኩ።

አያ ይማም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። "አላልኩህም ደምሴ! ኸትናንት ጀምሮ ድምፁ ሌላ ነው፣ ያፏጫል ብዬህ 'እርጅና ነው' አልከኝ!"

"የማሽኑን መሰለህ? ያንተን ነው ያልኩት።"

ማሽኑ ተፈታ። እጀታው የሚገጥምበት ጎሚኒ፣ የጎማው ቀለበት፣ ከአንድ ጎኑ ተሰንጥቆ አሯል። አያ ይማም ከሳጥን አዲስ አውጥተው ገጠሙ፣ እንደገና ቀዱ፣ ሰጡኝ። ገብስ ቆሎና አብሽ ብቻ ነበር። "ይሄዳል" አልኩ። ጋሽ ደምሴ ወደ በሩ ዞረው ለሚጠብቁት ሦስት መንገደኞች "ግቡ፣ አፋችን መጥቷል" አሉ። ስብስቡ ውስጥ ዓመት ተኩል ስቀመጥ አንድም ሰው "የእኛ" ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ደሴ

ያደርኩት ጋሽ ደምሴ ቤት ነው፤ ሆቴል የሚለውን ቃል ሳነሳ ተቆጡኝ። ጠዋት ማሽኑ ፊት ስቆም አያ ይማም "ትናንት አፍ ሆነህልናል፣ ዛሬ ጆሮ እንሰጥሃለን" አሉ። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ደህና የሚወርድ ቡና መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ እንደ ቀጭን ክር ይወርዳል። ወፍጮው ከላላ ክሩ ከመጀመሪያው ይሮጣል። ወተት ሲሞቅ ይጮሃል፣ ሲደርስ ይጎረንናል፣ ሲያልፍበት ዝም ይላል። ዝም ያለ ወተት የሞተ ነው። የተጠቀጠቀውን ቡና በአውራ ጣት ጫን ሲሉት መልሶ ካልገፋህ በቂ አይደለም። እየሰማሁ እገምታለሁ፣ ከዚያ ቀምሼ እናገራለሁ። እስከ ቀትር አሥር ጊዜ ተሳሳትኩ። "አዲስ አበባ መኪና ብዙ ነው፣ ጆሮ ይደፍናል" አሉ ጋሽ ደምሴ ሊያጽናኑኝ።

ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ

ሠልጣኞቼን ጀርባቸውን ለማሽኑ አዙሬ አስቀመጥኳቸው። እኔ እቀዳለሁ፣ እነሱ ይሰማሉ፣ ፍርዳቸውን ይናገራሉ፣ እኔ ቀምሼ አጣራለሁ። መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ምናሴ ወተቱን ለየ፤ "ዜማ ሲሰበር እንደማለት ነው" አለ። ከድጃ ግን ሌላ ነበረች። ገና መውረድ ሲጀምር እጇን ታነሳለች፦ "ሮጠ።" "አሁን ደህና።" "ይሄ ታንቋል።" አንድም አልሳተችም፤ እኔን አያ ይማም ያስተማሩኝን ታርመኝ ጀመር።

"ይህን የት ተማርሽው?"

"ፈትል ክፍል ዘጠኝ ዓመት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ ክር ሲበጠስ ካልሰማህ አለቃው ይሰማልሃል።"

ማታ ፎርሞቹን ሞላሁ። "ጣዕም" በሚለው ዓምድ አሥራ ሁለት ጊዜ "ጾም ላይ ስለሆኑ አልቀመሱም" ብዬ ጻፍኩ። በጠርዙ ላይ በእጄ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፦ "በጆሮ"፣ "በጣት"። ሁሉም ፈረሙ። ሽርጤን በእጄ እየቀደድኩት እንደሆነ አውቄ ነበር፤ እጄ ግን ጃስሚን አልጽፍ አለኝ።

ዓርብ፣ መልስ

እትዬ ሐዋ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ፤ እርጎውን በላስቲክ ጠርሙስ አስይዘው "የራስህ ወተት ነው" አሉኝ። ደብረ ሲና ላይ ፈነዳ። አዲስ አበባ የገባሁት ልቤም ሱሪዬም እየኮመጠጠ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስብስቡ ፊት ቀረብኩ። ስሜ የተጠለፈበት ሽርጥ ታጥፎ ከአቶ ፍጹም ጎን ተቀምጧል፤ "ያ" የምትለዋ ፊደል ትታየኛለች። ፎርሞቹን አንድ በአንድ ገለጡ።

"ይሄ ምንድን ነው? በጆሮ?"

አስረዳሁ። ሳቅ ሆነ። አቶ ፍጹም እጃቸውን አነሱና ጸጥ አሰኙ። "መልካም። ታዲያ አንተ ራስህ የምትቀምሰውን እንይ።" አዲስ የመጣ ቡና ተቀድቶ ዞረ። ሁሉም ሳበ፣ ተፋ፣ ጻፈ። ከጎረቤቴ ወረቀት ላይ "ጃስሚን" የሚለው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጠራኛል። አላየሁም። አፌ ውስጥ ያለውን ፈለግሁ። እና ወዲያው አወቅሁት። ሦስት ዓመት ስኒ ያጠበ ሰው እንዴት አያውቀው!

"ሳሙና ነው" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ስኒዎቹ በደንብ አልተለቀለቁም። ሽታ ያለው ሳሙና ነው።"

ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። መታጠቢያው ላይ ያለው የሳሙና ጠርሙስ ላይ ነጭ አበባ ተሥሎ ከሥሩ "ጃስሚን" ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመት ተኩል ስፈልጋት የኖርኩት ጃስሚን ይቺውላችሁ። ጠርሙሱን ይዤ ወጥቼ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። አቶ ፍጹም አነበቡት፣ አዞሩት፣ አበባውን ወደ ግድግዳው አድርገው መልሰው አስቀመጡት።

"ምላስህ ገና ነው" አሉኝ። ሽርጡን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ውሸት አልናገርም፤ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት መሥሪያ ቤቴ ማሽን ፊት ፊቴን አጥቁሬ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ የደሴ ቁጥር ነው።

"ያሬድ? ሰላም አደርክ?" አሉ አያ ይማም። "ዝናቡ አላቋረጠም፣ ቡናው እርጥበት ይዟል። አፍ የለንም። ስልኩን ማሽኑ ጋ ላደርገው ነው። ስማውና ንገረን።"

አንዱን ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ ስልኩን ወደ ሌላኛው አስጠጋሁ። እጀታው ሲወርድ ሰማሁ። ዝምታው አጠረ። ጠብታው ጠብታ ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው ሮጠ።

"ላልቷል አያ ይማም" አልኩ። "ወፍጮውን አንድ ጥርስ ያጥብቁትና ይድገሙት።"

ወፍጮው ጮኸ። እጀታው ወረደ። ዝምታ፣ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ቀጭን ክር።

"ይሄዳል" አልኩ።

"ሰማህ ደምሴ? ይሄዳል ብሏል፣ ቅዳ!" ከሩቅ የጋሽ ደምሴ ድምፅ መጣ፦ "ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ነው የቀረው በለው። እስከዚያ የትም እንዳይሄድብን!"

እጄን የለስላሳ ማስታወቂያ ባለበት ሽርጤ ጠረግሁና "አለሁ" አልኳቸው።